ጠለል የገባኝ ሊሾ ሲሠራ ነው

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ሆነ። መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ፕሌን» ብለው የጻፉ ቀን፣ የኋላ ወንበር ላይ የነበርነው ስለ አውሮፕላን ልንማር መስሎን ደስ ብሎን ነበር። በአማርኛ «ጠለል» እንደሚባል የሰማሁት ቆይቼ ነው፤ እሱም ቢሆን ከስሙ በቀር ምንም አልነገረኝም። ስለዚህ ሸመደድኩ፦ ነጥብ ርዝመትም ስፋትም ውፍረትም የለውም፤ መስመር ርዝመት ብቻ አለው፤ ጠለል ርዝመትና ስፋት አለው፣ ውፍረት ግን የለውም። ፈተናውን አለፍኩ። ውፍረት የሌለው ነገር እንዴት «አለ» እንደሚባል ግን አንድም ቀን አልገባኝም።

ዕዳው ከሃያ ዓመት በኋላ በልጄ በኩል መጣ። የቤት ሥራዋ ላይ «በፍጹም የማይገናኙ ሁለት ቀጥታ መስመሮች ትይዩ ናቸው፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» የሚል ጥያቄ ነበር። ሳላስብ «እውነት በይ» አልኳት። በማግስቱ ደብተሯን ይዛ መጣች። «አባዬ፣ አሳሳትከኝ እኮ!» በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረውን ኤክስ አየሁት። ለምን ሐሰት እንደሆነ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ሰሞን ከግቢያችን ጀርባ 3 በ4 ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል እያሠራሁ ነበር። ግድግዳው ቆሟል፣ ሊሾው ብቻ ይቀራል። ግንበኛው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሲሠሩ ቁጭ ብዬ ማየት እወዳለሁ (ሚስቴ «ሰውዬውን አስጨነቅካቸው» ትለኛለች)። መጀመሪያ አራቱ ማዕዘን ላይ መዳፍ የምታህል የተቦካ ሲሚንቶ አስቀመጡ። የአራቱን ጉብታዎች ከፍታ ውሃ በሞላ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስተካከሉ። ከዚያ በረጅሙ ግድግዳ በኩል ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው ሲባጎ ወጥረው፣ በሲባጎው ልክ ሲሚንቶ ሞልተው እንደ ቀበቶ የሆነ ቀጭን መንገድ አወጡ። በማዶው ግድግዳ በኩልም እንዲሁ አደረጉ። በሁለቱ ቀበቶዎች መካከል ያለውን ከሞሉ በኋላ፣ ቀጥ ያለ ረጅም አልሙኒየም በሁለቱ ላይ አጋድመው ወደ ኋላ እየጎተቱ ሄዱ። አልሙኒየሙ ባለፈበት ሁሉ ወለሉ ለጥ ይላል።

«ጋሼ፣ መሃሉ ላይስ ነጥብ አያስቀምጡም?» አልኳቸው።

«ጫፍና ጫፉን ካወቅኩ መሃሉ የት ይሄድብኛል?»

ሁለት ነጥብ አንድ መስመር ይወስናል የሚለው አረፍተ ነገር ያኔ ትርጉም ያዘ። ሌላውም ተከተለ፦ የአንድ መስመር ሁለት ነጥቦች ጠለሉ ላይ ካረፉ መስመሩ በሙሉ እዚያው ጠለል ላይ ይተኛል። የአልሙኒየሙም ሥራ ይኸው ነው። ጠለል ያልሆነ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ወፍራም የብረት ቧንቧ ላይ ሞክሩት፦ ማስመሪያ በቁመቱ ስታስተኙበት ልክክ ይላል፣ አግድም ስታዞሩት ግን አንድ ቦታ ብቻ ነክቶ ይቀራል። በሁሉም አቅጣጫ ልክክ ካላለ ጠለል አይደለም።

የእኔ ስህተት ነጥብ «ምንድን ነው?» እያልኩ መኖሬ ነበር። የጥንቱ የግሪክ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት አካባቢ ነጥብን «ክፍል የሌለው» ብሎ ተርጉሞታል፤ እኔም እዚያው ላይ ተቸክዬ ቀረሁ። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዴቪድ ሂልበርት ግን በ1899 እ.ኤ.አ. ጂኦሜትሪን እንደ አዲስ ሲያዋቅር ነጥብን፣ መስመርንና ጠለልን ለመተርጎም አልሞከረም፤ እርስ በርስ ያላቸውን ዝምድና ብቻ ደነገገ። በነጥብ፣ በመስመርና በጠለል ፈንታ ጠረጴዛ፣ ወንበርና የቢራ ብርጭቆ ብንል እንኳ ነገሩ መሥራት አለበት ብሏል ይባላል። ይህን ሳነብ ለዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ ካሣ የተከፈለ ያህል ተሰማኝ።

ለልጄ ግን ሂልበርትን አላነሳሁም፤ ጉልቻ ነው ያነሳሁት። ጉልቻ ለምን ሦስት ሆነ? ድንጋዮቹ ቁመታቸው ቢለያይ ድስቱ ትንሽ ያዘነብል እንደሆነ እንጂ ሦስቱም ላይ ያርፋል፣ አይወዛወዝም። ሦስት ነጥብ ምንጊዜም አንድ ጠለል ላይ ይገኛልና። አራተኛ ድንጋይ ሲጨመር ወይ ከፍ ወይ ዝቅ ይላል። ቡና ቤት ውስጥ ከአንዱ የጠረጴዛ እግር ሥር ቆርኪ የሚወተፈው ለዚህ ነው። «ሦስቱ በአንድ ረድፍ ቢሆኑስ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ያኔ አንድ ጠለል ብቻ አይወሰንም። በሩን እንደ ጠለል ቆጥሬ አሳየኋት። ሁለቱ ማጠፊያዎች አንድ መስመር ይወስናሉ፤ በሩ በዚያ መስመር ላይ እየዞረ እንደ ልቡ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሦስተኛ ማጠፊያ እዚያው መስመር ላይ ብትጨምሩም አይቆምም። ከመስመሩ ውጪ ያለች አንዲት መቀርቀሪያ ግን ታቆመዋለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ግንበኛው ምሳ በሄዱበት፣ ገና ሲባጎው ሳይወጠር፣ አንዱን ጉብታ በእግሬ ደፈጠጥኩት። ማንም ሳያየኝ በዓይኔ ገምቼ መለስኩት። ቀበቶዎቹ ቀጥ ብለው ወጡ፣ አልሙኒየሙም ያለ ችግር ተንሸራተተ፤ ስለዚህ ምንም ያልተፈጠረ መሰለኝ። ሊሾው ከደረቀ በኋላ ግን ውሃ ሲፈስበት ወደዚያ ማዕዘን መሮጥ ጀመረ። በላስቲኩ ቱቦ ስንለካው 2 ሳንቲም ያህል ዝቅ ብሏል።

የገረመኝ ሲባጎው ከግድግዳዎቹ ጋር ትይዩ ተወጥሮ ሲለካ ወለሉ ቀጥ ማለቱ ነው። በቁመት ቀጥ፣ በወርድ ቀጥ። ሲባጎውን ከደህናው ማዕዘን ወደ ደህናው ማዕዘን በሰያፍ ስንወጥረው ግን መሃሉ ላይ ከሥሩ ግማሽ ሳንቲም ክፍተት ታየ። በሌላኛው ሰያፍ ደግሞ ወለሉ ራሱ ሲባጎውን ወደ ላይ ገፋው። ሦስቱ ጉብታዎች ጠለል ሠርተዋል፤ አራተኛው አልታዘዘም። ሁለቱ ቀበቶዎች እያንዳንዳቸው ቀጥታ መስመር ናቸው፣ ወዲህና ወዲያ ስለሆኑ የትም አይገናኙም፣ ትይዩም አይደሉም፤ አንዱ ከአንዱ አንጻር ተጣሟል። በአንድ ጠለል ላይ አብረው መተኛት አይችሉም።

የልጄ የቤት ሥራ መልስ እግሬ ሥር ነበር። ጠርቼ አሳየኋት። ጥያቄው ላይ «በአንድ ጠለል ላይ ያሉ» የሚል ቢጨመር ኖሮ መልሴ ልክ ነበር። በዚያች ክፍል ውስጥ ቆማችሁ ከፊት ለፊት ያለውን የኮርኒስ ጠርዝና ከኋላችሁ ያለውን የቆመ ማዕዘን ብታዩም ያው ነው፤ ቢረዝሙም አይነካኩም፣ ግን ማንም ትይዩ አይላቸውም።

ለግንበኛው እውነቱን የተናገርኩት ከከፈልኳቸው በኋላ ነው። ስቀው «እኔ'ኮ ቱቦዬ ተበላሸ ብዬ ሌላ ልገዛ ነበር» አሉ። እናፍርሰው ሲሉኝ እንቢ አልኩ። ልጄ ጓደኞቿ ሲመጡ መሃል ወለሉ ላይ ብይ ታስቀምጥና ወዴት እንደምትሄድ ገምቱ ትላቸዋለች።