ምላጩን ስበሩት

ቤታችን ውስጥ ሦስት ካተር፣ ያ ምላጩ እየተገፋ የሚወጣው መቁረጫ፣ አለ። አንዱ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው፣ አንዱ ከካቻቢቴና ከፒንሳው ጋር መሳሪያ ሣጥን ውስጥ። ሦስተኛው የት እንዳለ አይታወቅም። ባለቤቴ «ሦስት ካተር ምን ያደርግልሃል?» ትለኛለች። ሁለቱ ሲጠፉብኝ የሚደርስልኝ እሱ ነው እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር እሱም ደርሶልኝ አያውቅም።

ሰው ቤት ሄጄ የሆነ ነገር ላግዝ ስል «ካተር አላችሁ?» ማለት ልማዴ ነው። የሚሰጠኝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጫፉ የዞረ፣ የፕላስተር ሙጫ የተጋገረበት፣ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ያልተሰበረ። ምላጩ ላይ ያሉትን ሰያፍ መስመሮች ጌጥ የሚመስላቸው ሰው ብዙ ነው። ጌጥ አይደሉም፤ መሰበሪያ ናቸው።

ነገሩን ያሰበው ዮሺዮ ኦካዳ የሚባል ጃፓናዊ ነው፣ በፈረንጆቹ 1956። ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። ወረቀት የሚቆርጥበት ምላጭ ጫፉ ብቻ ይዶለዱምና ሙሉው ይጣላል፤ ይሄ አናደደው። ጫማ ሠሪዎች በመስታወት ስባሪ ሲቆርጡ፣ ሲዶለዱምባቸው ደግሞ እንደገና ሰብረው አዲስ ስለት ሲያወጡ ያውቃል። ቸኮሌት በየመስመሩ እየተቆረሰ እንደሚበላም ያውቃል። ሁለቱን አገናኛቸው። እሱ ያቋቋመው ኩባንያ ስም፣ ኦልፋ፣ ራሱ የመጣው «ምላጭ መስበር» ከሚል የጃፓንኛ አነጋገር ነው። ስሙ እንኳን ስበሩኝ እያለ እኛ አንሰብረውም።

እኔም አልሰብርም ነበር። ግራ አውራ ጣቴ ላይ ያለችው ጠባሳ የዚያ ዘመን ናት። ያረጀ ምንጣፍ ለሁለት ልከፍል ፈለግኩ። ምላጩ እምቢ አለ፣ ገፋሁት። አሁንም እምቢ አለ፣ በደንብ ገፋሁት። ድንገት አመለጠኝና ምንጣፉን በያዝኩበት እጅ ላይ አረፈ። የዶለዶመ ምላጭ አይቆርጥም ያለው ማን ነው? ይቆርጣል፣ ያላሰባችሁትን ነው እንጂ። ምንጣፍ ደግሞ የሚቆረጠው በጀርባው በኩል ነው፤ ፀጉሩ በኩል ምላጩ መንገዱን ይስታል። ይሄንንም ያወቅኩት በኋላ ነው።

ስትሰብሩት በእጃችሁ አትሞክሩ። አንድ ክፍል ብቻ አውጡና ቆልፉት። መስመሩ ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን። ጫፉን በፒንሳ ያዙና ወደ ታች እጠፉት። ቀጭ ይላል፣ አለቀ። ስባሪው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ፊታችሁን ዞር አድርጉ፤ መነጽር ካላችሁ ደግሞ አድርጉት።

ካተርን በደንብ ያስተዋወቀኝ ግን የወጥ ቤት ቁምሳጥን ሊሠራልን የመጣ አናጢ ነው። ኮምፔንሳቶ ሊቆርጥ የብረት ማስመሪያ አስቀምጦ በእርሳስ ፋንታ በካተር ሲያሰምር አየሁት።

«እርሳስ ላምጣልህ?» አልኩት።

«የለም ወንድሜ» አለኝ ሳቅ ብሎ። «እርሳስ የት እንደምቆርጥ ነው የሚያሳየኝ። ይሄ ግን ጠርዙ እንዳይቦጫጨቅ ያደርግልኛል።»

ከዚያ በመጋዝ ቆረጠው። ጠርዙን በጣቴ ዳሰስኩት፣ ስንጥር የሚባል የለም። የላይኛው ስስ ሽፋን ቀድሞ በካተር ስለተቆረጠ መጋዙ የሚቦጭቀው ነገር አላገኘም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ካተር ለእኔ መቁረጫ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ዋና ሥራው መጫር ሆነ። ጂብሰም ቦርድ እንኳ የሚቆረጠው እንዲሁ ነው። የፊቱን ወረቀት በማስመሪያ አንድ ጊዜ ትጭሩታላችሁ፣ ከመስመሩ ወደ ኋላ ታጥፉታላችሁ፣ መሃሉ ቀጥ ብሎ ይሰበራል፣ የቀረውን የጀርባ ወረቀት መቁረጥ ነው። መጋዝ የለ፣ አቧራ የለ (እሺ፣ ትንሽ አቧራ አለ)። ወፍራም ካርቶንም ቢሆን በአንድ ጉልበት አይቆረጥም። መጀመሪያ በስሱ፣ ከዚያ በዚያው መስመር ሁለቴ ሦስቴ። ማስመሪያው የብረት ይሁን። የፕላስቲክ ማስመሪያ በካተር ስትጠቀሙ ከካርቶኑ በፊት ማስመሪያው ነው የሚቆረጠው፤ የልጄ ማስመሪያ አሁን ቀጥ ያለ መስመር አታሰምርም።

በጣም የምወደው ግን የቀለሙን ነው። ግድግዳ ደጋግሞ የተቀባ ቤት ውስጥ የማብሪያ ማጥፊያውን ክዳን ስትፈቱ የግድግዳው ቀለም ከክዳኑ ጋር ተያይዞ ይላጣል። ከመፍታታችሁ በፊት ክዳኑና ግድግዳው የሚገናኙበትን በካተር ጫፍ ዙሪያውን ጫር ጫር አድርጉት። ንጹህ ሆኖ ይወጣል። ቆጣሪው ላይ መብራቱን ማጥፋት እንዳይረሳ። በቀለም ተጣብቆ አልከፈት ያለ መስኮትም መድኃኒቱ ይኸው ነው። እኛ መኝታ ቤት አንድ መስኮት ነበር፤ የማይከፈት ተደርጎ የተሠራ ነበር የሚመስለን። አንድ ቅዳሜ በካተር ዙሪያውን ሄድኩበትና በመዳፌ መታ መታ ሳደርገው ተከፈተ። ባለቤቴ ከሌላ ክፍል «ምን ሰበርክ?» ብላ መጣች።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ከግድግዳ ወጣ ብሎ የቀረ የፊሸር (ብሎን የሚገባበት ፕላስቲክ) ጫፍ በካተር ተላጭቶ ከግድግዳው እኩል ይሆናል። የጠቆረ ሲሊኮን ከላይና ከታች ጫፉን ቆርጣችሁ ስትስቡት እንደ ክር ይመዘዛል። መስታወት ላይ የደረቀ የቀለም ጠብታ በሳሙና ውሃ በደንብ አርሱትና በአዲስ ምላጭ፣ ምላጩን አጋድማችሁ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ግፉት። ፕላስቲክ የተለጠፈበት መስታወት ላይ ግን እንዳትሞክሩት። ስፖንጅ መቁረጥ ብቻ ነው ምላጩን ረዘም አድርጎ ማውጣት የሚፈልገው፤ እሱንም እንደ መጋዝ ወደፊት ወደኋላ እያደረጉ፣ ሳይጫኑ።

ካርቶን ለመክፈት ግን ረጅም ምላጭ አያስፈልግም፤ ጫፉ ብቻ ብቅ ካለ ፕላስተሩን ይበቃዋል። አዲስ መጋረጃ የመጣበትን ካርቶን ምላጩን ግማሽ ድረስ አውጥቼ ጠረር አድርጌ ከፈትኩት። መጋረጃው ታጥፎ ስለነበር አንዷ ቀዳዳ ሲዘረጋ አራት ሆና ተገኘች። በእኩል ርቀት፣ በአንድ መስመር። ሆን ብዬ ብሠራው እንደዚያ አላሳምረውም። ያ መጋረጃ አሁን የዕቃ ቤቱ መስኮት ላይ ነው።

ቡሎን መፍቻና ክዳን መፈልቀቂያ እንዳታደርጉት። ምላጩ ጠንካራ ነው ግን አይተጣጠፍም፤ ወደ ጎን ከጫናችሁት ቀጭ ብሎ ስባሪው የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ወደ ራሳችሁ አትሳቡት አልልም፣ ብዙ ሥራ የሚሠራው በመሳብ ነውና። ግን ወደ ጎናችሁ እንጂ ወደ ሆዳችሁ አይሁን። የሚቆረጠውን የያዘው እጅ ደግሞ ከምላጩ መንገድ ላይ ዞር ይበል። አውራ ጣቴ ይመስክር።

ስባሪውን ቆሻሻ ውስጥ ዝም ብላችሁ አትጣሉት፤ ፌስታሉን የሚያነሳው ሰው አያየውም። እኔ ክዳን ያለው ትንሽ የቆርቆሮ ጣሳ አለኝ። ክዳኑን በሚስማር ሰንጥቄ ከነዙሪያው በፕላስተር አሽጌዋለሁ። የተሰበረው ሁሉ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ የለውም። በፊት ባዶ ነበር። አሁን ስነቀንቀው ድምፁ ከፍ ብሏል፣ ልጄ ሳንቲም መስሏት ነበር። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አድርጌዋለሁ።