ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተወሰደው ተማሪ

ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር ሆኜ ስሠራ፣ የአማርኛ መምህሩ አንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ድጋፍ መስጫ ክፍላችን ላኩ። ልጁ አንዲት አጭር አንቀጽ አንብቦ ለመጨረስ ክፍለ ጊዜው አይበቃውም ነበር። ዓይኑ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ታይቶ ጤናማ ነው ተብሏል፤ መስማትም አይቸግረውም። የሚያስቸግረው ፊደሉ ነው። «ሊ» እና «ሌ»፣ «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ወይም ቀለበት ስለሆነ፣ ዲስሌክሲያ በሚባለው የማንበብ ችግር እንደሚታየው ሁሉ እያንዳንዱን ቃል እንደ አዲስ እየፈታ ያነባል፤ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስም መጀመሪያው ይጠፋበታል። እስከ 6ኛ ክፍል ሳይታወቅበት የቆየው የሰማውን ሁሉ በቃሉ ይይዝ ስለነበር ነው። ችሎታው ችግሩን ሸፈነለት፤ በኋላ ደግሞ ችግሩ ችሎታውን ሸፈነበት።

የድጋፍ ፕሮግራሙ ሲወጣ፣ ለንባብ ልምምዱ የተመረጠው የሒሳብ ክፍለ ጊዜው ሆነ። የተሰጠው ምክንያት «በሒሳብ ጎበዝ ስለሆነ ቢቀርበት አይጎዳም» የሚል ነበር። ልጁ በመጀመሪያ ዝም ብሎ ይመጣ ነበር፤ ቆይቶ ማርፈድ ጀመረ፤ በመጨረሻም ደብተሩን ጥሎ ግቢው ውስጥ ሲዞር እየተገኘ ስሙ ሥርዓት ከሚጥሱት ጋር ይመዘገብ ጀመር። በቀኑ ውስጥ ከጓደኞቹ እኩል፣ አንዳንዴም ቀድሟቸው የሚገኝባት ሰዓት ያቺ ብቻ እንደነበረች ያስተዋለ አልነበረም።

ነገሩ የተገለጠው የሒሳብ መምህሩ የፈተና ወረቀቱን ይዘውልኝ ሲመጡ ነው። በዓረፍተ ነገር የቀረቡት ጥያቄዎች በሙሉ ባዶ ነበሩ። ልጁን አስጠርተን መምህሩ አንዱን ጥያቄ ጮክ ብለው አነበቡለት፦ አንድን ሮቶ አንደኛው ቧንቧ በ6 ሰዓት፣ ሌላው በ3 ሰዓት ውስጥ የሚሞላው ከሆነ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ቢከፈቱ በስንት ሰዓት ውስጥ ይሞላል?

«በ2 ሰዓት» አለ፣ እስክሪብቶ ሳያነሳ።

«እንዴት አገኘኸው?»

«በ6 ሰዓት ውስጥ አንደኛው አንድ ሮቶ ይሞላል፣ ሌላኛው ሁለት። ሦስት ሮቶ በ6 ሰዓት ከሞላ አንዱ በ2 ሰዓት ነዋ!»

መምህሩ በክፍል ውስጥ ያስተማሩት 1/6 እና 1/3ን በመደመር ነበር። የልጁ መንገድ ማንም ያላሳየው፣ ራሱ ያሰበው ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ የተሰጥኦ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

በተጠራው ስብሰባ ላይ እናቱም ተገኙ። «መምህር፣ ንባቡን ቢያስጠኑልኝ ደስታዬ ነው፤ ሒሳቡን ግን አይከልክሉብኝ፤ እቤት የሚያወራው እሱን ብቻ ነው» አሉኝ። አንድ ባልደረባችን በሒሳብ ፈተና ላይ ጥያቄውን ለእሱ ማንበብ በሌሎቹ ተማሪዎች ላይ አድልዎ ይሆናል ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ተገቢ ስለሆነ በጥንቃቄ መመለስ ነበረበት። የሒሳብ ፈተና የሚለካው ሒሳብን ነው፤ ጥያቄው ሲነበብለት መልሱ አይነገረውም፤ የአማርኛ ንባብ ፈተና ላይ ግን አናነብለትም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 ላይ፣ ትምህርት የአካል ጉዳተኞችን ተሰጥኦና ፈጠራ እስከሚቻለው ጫፍ ድረስ ማሳደግ እንዳለበት ይደነግጋል። ጉድለትን ማገዝ ብቻ በቂ ነው አይልም።

የንባብ ልምምዱን ክፍሉ በለሆሳስ ወደሚያነብበት የአማርኛ ክፍለ ጊዜ አዛወርነው። የሚያነበውንም ስለ ውሃ ፓምፕና ስለ ኤሌክትሪክ አድርገን፣ ፊደሉን ጎላ፣ መስመሩን ራቅ ራቅ አድርገን አዘጋጀንለት። የሒሳብ መምህሩ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ጥያቄዎችን ይሰጡት ጀመር። ንባቡ ዛሬም አዝጋሚ ነው፤ የማርፈዱ ነገር ግን ወዲያው ቀረ።

አሁን የሚያሳስበን የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ነው። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች አንባቢ መመደብ የተለመደ በመሆኑ፣ ያው አሠራር ለእሱም እንዲፈቀድለት የመምህራኑን ማስረጃና የፈተና ወረቀቶቹን አያይዘን ከወዲሁ በጽሑፍ ጠይቀናል።