ከባሽ ጋር ሦስት ሳምንት

ተርሚናል፣ ማለትም ኮምፒውተርን በጽሑፍ የሚያዙበትን መስኮት፣ መማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ኡቡንቱ የሚባል የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭኜበታለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ያባከንኩት የትኛውን ሼል (የምጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም) ልያዝ እያልኩ ነው። ባሽ፣ ዚሼል፣ ፊሽ እያልኩ ቪዲዮ ሳይ ፓኬጄን ጨረስኩ እንጂ አንድ ትእዛዝ እንኳ በወጉ አልያዝኩም።

መጨረሻ ላይ ባሽን ያዝኩ። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ያለ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ሳትጭኑት ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ማክ ያላችሁ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የማክ ሥሪት ከካታሊና ወዲህ የምታገኙት ዚሼልን ነው፣ ለጀማሪ ያን ያህል ስለማይለያዩ አትጨነቁ። ፊሽ ገና መጻፍ ስትጀምሩ ቀሪውን በደብዛዛ ቀለም ይገምትላችኋል። ወድጄው ነበር፤ የባሽን ስክሪፕት (ፋይል ላይ የተጻፉ ትእዛዞችን) እንዳለ አልቀበል ስላለኝ ለጊዜው ተውኩት።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጉድ ፈላ። ባሽአርሲ የሚባል፣ ባሽ ሲከፈት የሚያነበው የቅንብር ፋይል አለ፣ ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ተደብቆ የሚኖር። እሱ ውስጥ ገብቼ ፓዝ ላይ (ሼሉ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው) አንድ ፎልደር ልጨምር ስል ነባሩን ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁት። አዲስ መስኮት ከፈትኩ። ፋይሎችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስ አልኩ፣ አልተገኘም። ጽሑፍ ማረሚያው ናኖ፣ እሱም የለም። ኮምፒውተሩን የገደልኩት መስሎኝ ላብ አጠመቀኝ። ለካ ፕሮግራሞቹ ቦታቸው ላይ ናቸው፣ የት እንደሚፈልጋቸው የጠፋው ሼሉ ነው። ዩኤስአር፣ ቢን፣ ናኖ ብዬ ሙሉ አድራሻውን በስላሽ እየለየሁ ስጽፍ ተከፈተልኝ፤ የዶላር ምልክትና ፓዝ የሚለውን ቃል መስመሩ ላይ መለስኩ፣ አለቀ። አሁን ፋይሉን ከመንካቴ በፊት ኮፒ አስቀምጣለሁ፤ አዲሱ መስኮት መሥራቱን ሳላይም አሮጌውን አልዘጋም።

ሌላው ያናደደኝ መብራት ነው። ባትሪዬ ሞቷል፤ ባሽ ደግሞ የጻፍኩትን ትእዛዝ ወደ ታሪክ ፋይሉ የሚገለብጠው ሲዘጋ ነው፣ ስለዚህ መብራት እልም ሲል የቀኑ ልፋት አብሮ እልም! ፕሮምፕት ኮማንድ የሚለው ቅንብር ላይ (ባሽ ቀጣዩን ትእዛዝ ከመጠበቁ በፊት ሁሌ የሚያስኬደው ነው) ሂስትሪን ከሰረዝ ኤ ጋር ስጨምርበት እያንዳንዱን ትእዛዝ ወዲያው መመዝገብ ጀመረ። ኮንትሮልና አር ተጭኜ ሁለት ፊደል ስጽፍ የትናንቱ ከች ይላል።

አሁን አሊያስ ላይ ነኝ፣ ለትእዛዝ የራስን አጭር ስም ማውጣት ማለት ነው። በግዕዝ ፊደልም ስም ይቀበላል እኮ! «ዝርዝር» ብዬ ኢንተር ስጫን ፋይሎቼ ከነመጠናቸው ይደረደራሉ። ችግሩ፣ ለእያንዳንዱ ኪቦርድ መቀያየር።