ዛንዚባርን በኪራይ መኪናና ከአስጎብኚ ጋር

ዛንዚባር ተብላ በስፋት የምትታወቀው ዋናዋ ደሴት፣ ነዋሪዎቿ ኡንጉጃ የሚሏት፣ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አላት። መኪና የያዘ ሰው ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው በግማሽ ቀን ስለሚደርስ፣ ብዙ ጎብኚ ወይ ሁሉንም በራሱ ለማየት ይነሣል፣ ወይ ደግሞ ከሆቴል ሆቴል በሚያመላልሱት የጉብኝት ድርጅቶች ላይ ሙሉ በሙሉ ይደገፋል። እኔና ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ስንነሣ ሁለቱንም ለማጣመር ወሰንን። ደሴቲቱን ካየሁ በኋላም ትክክለኛው መንገድ ይህ መሆኑን አምናለሁ፤ ምክንያቱም ዛንዚባር ማንም ሳያስረዳ ዓይን የሚያየው ብዙ ውበት አላት፣ የሚያውቅ ሰው ካልነገረን ግን አልፈነው የምንሄደው ታሪክ ከዚያም ይበልጣል።

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው አስቀድሞ መዘጋጀት ያለበት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው፤ አገራችን በሽታው ይገኝባቸዋል ከሚባሉት አገሮች ስለምትቆጠር ካርዱ በአውሮፕላን ማረፊያው ይጠየቃል። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ደሴቲቱ የሚገባ የውጭ ዜጋ እዚያው የሚሰጠውን የጉዞ መድን መግዛት ይጠበቅበታል። አንድ ነገር ግን ለእኛ ከማንም ይልቅ ቀላል ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓትን የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ሲሆን፣ የሰዓት ክልላችንም አንድ ነው። አስጎብኚው በስዋሂሊ «ሳ ምቢሊ» ሲል ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነውና፣ አብረውን የነበሩት አውሮፓውያን ስድስት ሰዓት እየቀነሱና እየደመሩ ሲቸገሩ እኛ ቀጠሮውን እንደሰማነው ይዘን እንነሣ ነበር።

ጉብኝቱን የጀመርነው ያለ መኪና፣ በእግር፣ በድንጋዩ ከተማ ነው። ስቶን ታውን የሚባለው ይህ አሮጌ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ መንገዶቹ እጅግ ጠባብ ስለሆኑ መኪና ከውጭ ከማቆም በቀር ምርጫ የለም። በመንገድ ላይ እየተጠጉ «ላስጎብኛችሁ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ፈቃድ ያለውን አስጎብኚ በማረፊያ ቤታችን በኩል አስቀድመን መያዛችን በእጅጉ ጠቀመን። አስጎብኚያችን በዕድሜ የገፋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። በየመንገዱ የሚያገኙት ወጣቶች «ሺካሙ» እያሉ እጅ ሲነሡት፣ እርሱም «ማራሃባ» እያለ ሲመልስላቸው ስናይ፣ ለታላቅ የሚሰጠው ክብር አገራችንን አስታወሰን። በናስ ጉልላቶች ያጌጡትን የእንጨት በሮች እያሳየ የቤቱ ባለቤት ከየት እንደመጣና በምን ሥራ እንደከበረ ከቅርጻቸው ያነብልን ነበር። በ1883 የደሴቲቱ ገዥ ሱልጣን ባርጋሽ ያሠሩት «የድንቆች ቤት» የተባለው ቤተ መንግሥት በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ከፊሉ በመደርመሱ ከውጭ ብቻ አየነው።

የከተማው ጉብኝት ልብ ያለው ግን በአንግሊካን ካቴድራሉ ግቢ ውስጥ ነው። ቦታው የባሪያ ገበያ የነበረ ነው። ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት ገበያውን በ1873 ከዘጉት በኋላ ካቴድራሉ በዚያው መሬት ላይ ተሠራ፤ መንበሩም የተተከለው ባሮቹ ታስረው ይገረፉበት የነበረው ዛፍ በቆመበት ስፍራ እንደሆነ ይነገራል። ከግቢው ሕንፃ ሥር ጎንበስ ተብሎ የሚገባባቸው ክፍሎች አሉ። ቁመታቸው አጭር፣ አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው፤ አስጎብኚያችን ሰዎች በውስጣቸው እንዴት ይታጎሩ እንደነበር ሲገልጽ ባለቤቴ መቆየት አልቻለችም፣ ቀድማን ወጣች። በግቢው ውስጥ በ1998 የቆመው፣ አንገታቸው በእውነተኛ ሰንሰለት የተያያዘ ሰዎችን የሚያሳይ ሐውልት ከጉድጓድ ውስጥ የተሠራ በመሆኑ፣ ቆሞ የሚያየው ሰው ሳይወድ በግድ ቁልቁል ይመለከታል። በሱልጣኖቹ ቤት ውስጥ ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ሴቶች እንደነበሩ በታሪክ ተመዝግቧልና፣ እዚያ ግቢ ውስጥ የቆመ ኢትዮጵያዊ ነገሩን እንደ ሩቅ አገር ታሪክ ሊያየው አይችልም።

በማግስቱ በቡድን ወደ ቅመም እርሻ ሄድን። ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ በኪዚምባኒና በኪዲቺ አካባቢ ያሉት እርሻዎች ጎብኚ በብዛት የሚሄድባቸው ስለሆኑ፣ ለቱሪስት ብቻ የተዘጋጀ ትርዒት ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነበር። እንዲያ ሆኖ አላገኘሁትም። ዕድሜያችንን ሙሉ በሻይ፣ በበርበሬና በወጥ ውስጥ የምናውቃቸውን ቅመሞች በዛፋቸው ላይ ማየት ለአበሻ ጎብኚ ትልቅ ነገር ነው። ቅርንፉድ ያልፈካ የአበባ እምቡጥ ነው፤ በዘለላ በዘለላ ሆኖ አረንጓዴና ሮዝ መልክ ሲይዝ፣ ሳይፈነዳ በእጅ ይለቀምና በሰሌን ላይ ለቀናት በፀሐይ ሲሰጣ ነው ያን የምናውቀውን ጥቁር ቡናማ መልክ የሚያገኘው። ቁንዶ በርበሬ በሌላ ዛፍ ላይ የሚጠማዘዝ ሐረግ ነው። ሄል ከተክሉ ግርጌ፣ መሬት ለመሬት በሚዘረጋ ቀጭን ዘንግ ላይ ያፈራል። አስጎብኚው አንዱን ቢጫ ፍሬ ለሁለት ሲሰነጥቀው በጥቁሩ ዘር ላይ ደማቅ ቀይ መረብ ተጠምጥሞበት አየን፤ ገውዝ ነበር፣ ቀዩ ልባስም ራሱን የቻለ ሌላ ቅመም ነው። የቀረፋውን ልጥ ከግንዱ ልጦ እንድናሸት ሰጠን፤ ሥሩን ቆፍሮ ሲሰጠን ግን ሽታው ፈጽሞ ሌላ፣ ለጉንፋን ደረት ላይ የምንቀባውን ቅባት የሚመስል ነበር። ባለቤቴ የእርዱን ሥር ይዛ ስለ አተካከሉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አደራረቁ ጥያቄ ስታዘንብ፣ ቡድኑ በሙሉ ቆሞ ጠበቃት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። የጉብኝት ድርጅቶቹ የቅመም እርሻውንና የባሪያ ገበያውን ለየብቻ ይሸጧቸዋል፤ አንዱ የመዝናኛ፣ ሌላው የሐዘን ጉብኝት ሆኖ ይቀርባል። ታሪኩ ግን አንድ ነው። የኦማኑ ሱልጣን ሰዒድ መናገሻቸውን በ1840 ገደማ ከሙስካት ወደ ዛንዚባር ካዛወሩ በኋላ ደሴቲቱ የዓለም የቅርንፉድ ገበያ እስክትሆን ድረስ የተስፋፋው እርሻ የለማው ከአህጉሩ ውስጥ ተማርከው በመጡ ባሮች ጉልበት ነው። በ1872 ከባድ አውሎ ነፋስ የኡንጉጃን የቅርንፉድ ዛፎች አብዛኞቹን ሲያወድም ዋናው ምርት ወደ ጎረቤቷ ወደ ፔምባ ደሴት ዞረ። ገበያው በቀጣዩ ዓመት ቢዘጋም ባርነት ራሱ በሕግ የተሻረው በ1897 ነው፤ በመካከሉ ባሉት 24 ዓመታት ቅርንፉዱን ይለቅሙ የነበሩት አሁንም ነጻ ያልወጡ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱን ጉብኝቶች በተከታታይ ቀናት፣ ከተማውን አስቀድሞ ማድረግ እርሻውን በሌላ ዓይን እንዲያዩት ያደርጋል፤ የሚሄድ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ እወዳለሁ።

ወደ ቻንጉ ደሴት የሚወስደው የጀልባ ጉዞ አጭር ነው። በ1893 ለእስር ቤትነት የተሠራው ሕንፃ የበሽተኞች ማቆያ ሆኖ አገልግሏል፤ ከሲሸልስ የመጡ የአልዳብራ ግዙፍ ኤሊዎች ዘሮችም በግቢው ይጠበቃሉ። ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ እንዳሉ ይነገራል። ጠዋት በማለዳ ካልተሄደ የሰው ብዛት ያስቸግራል።

መኪናውን የተከራየነው ከዚህ በኋላ ነው። አከራዩ ለውጭ አገር ሰው የሚያስፈልገውን ጊዜያዊ የዛንዚባር የመንዳት ፈቃድ በእኛ መንጃ ፈቃድ መሠረት አስቀድሞ አውጥቶ ጠበቀን። ይህ ወረቀት ከእጅ መጥፋት የለበትም፤ በየመንገዱ ያሉት የፖሊስ ኬላዎች በቅድሚያ የሚጠይቁት እርሱን ነው። እኔ ባለፍኩባቸው ኬላዎች ሁሉ ፖሊሶቹ በትሕትና ሰላምታ ሰጥተው፣ ወረቀቱን አይተው አሳለፉኝ። መኪናው ትንሽ የጃፓን ሥሪት ሲሆን መሪው በቀኝ ነው፤ በዛንዚባር የሚነዳው በግራ መስመር ነውና በአገራችን በቀኝ መንዳት የለመደ ሰው በተለይ አደባባይ ላይና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ መጠንቀቅ አለበት። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች አስፋልት ናቸው፣ ነገር ግን ብስክሌት፣ የበሬ ጋሪ፣ ሞተር ሳይክልና ዳላዳላ የሚባለው የሕዝብ መኪና ሁሉም አብረው ይሄዱባቸዋል። ከመሸ በኋላ መብራት በሌለበት መንደር ውስጥ መንዳትን አልመክርም፤ እኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማረፊያችን እንገባ ነበር።

ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ከከተማው 35 ኪሎ ሜትር ያህል ከራቀ በኋላ በጆዛኒ ደን ውስጥ ያልፋል። በዚህ ስፍራ በአስፋልቱ ላይ የተደረደሩት የፍጥነት መቀነሻዎች ለሰው ብቻ የተሠሩ አይደሉም። ከኡንጉጃ በቀር በተፈጥሮ በየትም ዓለም የማይገኘው የዛንዚባር ቀይ ኮሎበስ ጦጣ መንገዱን ሲሻገር በመኪና ይገደል ስለነበር የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ የኪራይ መኪና የያዘ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ረጋ ብሎ እንዲነዳ እለምናለሁ። ደኑ ከ2004 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በበሩ ላይ የመግቢያ ዋጋ ሲከፈል አስጎብኚ አብሮ ይመደባል። ጦጣዎቹ ከጎብኚው በጥቂት ሜትር ርቀት ቅጠል እየቀጠፉ ይበላሉ፤ በአካባቢው እርሻዎች የሚኖሩት ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ጎጂ ነገር ለማርከስ ከሰል እንደሚበሉ አስጎብኚው ነገረን። ከደኑ ማዶ ያለው የማንግሮቭ (በጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ዛፎች) ረግረግ በእንጨት መተላለፊያ ላይ ይጎበኛል፤ ብዙዎች ጦጣዎቹን አይተው ስለሚመለሱ እኛ በዚያ ብቻችንን ነበርን።

ከጆዛኒ ወደ ፓጄና ጃምቢያኒ ስንወርድ መኪና መያዛችን እውነተኛ ጥቅሙ ተገለጠልኝ። በምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ ሲሸሽ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኮራሉ አጥር ይርቃል፤ ሲሞላ ደግሞ እስከ ዘንባባዎቹ ሥር ይደርሳል። የባሕሩ ሰዓት በየቀኑ ስለሚዛወር፣ የቡድን ጉብኝት በያዘው ሰዓት ሲደርስ የሚያገኘው የመጣለትን ነው። እኛ ግን የሙላቱንና የሽሽቱን ሰዓት ማረፊያችን ጠይቀን፣ ውሃው በሸሸበት ጠዋት እርጥቡ አሸዋ ላይ ደረስን። ሴቶች በጉልበት ጥልቀት ውሃ ውስጥ በካስማዎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ያስራሉ፣ የደረሰውን ይሰበስባሉ። ይህ እርሻ በዛንዚባር የተጀመረው በ1989 ሲሆን፣ ምርቱ በጥርስ ሳሙናና በአይስክሬም ውስጥ እንደ ማወፈሪያ ይገባል። ሥራው አድካሚ ነው፣ ገቢውም ትንሽ፤ ይሁንና ብዙ ሴቶች በእጃቸው የራሳቸው ገንዘብ እንዲኖር አድርጓል። ባሕሩ እየሞቀ በመምጣቱ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዝርያ ጥልቀት በሌለው ውሃ እየተበላሸ መሆኑን አንዲት እናት ነገሩን። ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት ማስፈቀድ ተገቢ ነው፤ ሴቶቹ ሥራ ላይ ናቸው።

በደቡብ ጫፍ ኪዚምካዚ ጎብኚዎችን የሚወስዱት ከዶልፊኖች ጋር ለመዋኘት ነው። ከዳርቻው ሆነን ስናይ ብዙ ጀልባዎች ጥቂት ዶልፊኖችን ከየአቅጣጫው ሲከቡና ሲያሳድዱ ነበር። ይህን ጉብኝት አልገዛንም፣ ለማንም አልመክርም። በምትኩ በአቅራቢያው በዲምባኒ ያለውን ጥንታዊ መስጊድ በአካባቢው ሰው ፈቃድ አየን፤ ወደ መካ በሚያመለክተው የቂብላ ግድግዳ ኩፊ በሚባለው ጥንታዊ የዐረብኛ አጻጻፍ የተቀረጸው ጽሑፍ 500 ዓመተ ሒጅራን፣ ማለትም 1107 እ.ኤ.አ.ን ይጠቅሳል። ከውጭ ሲታይ ቆርቆሮ የለበሰ ተራ ቤት ስለሚመስል ብዙ መኪና ሳይቆም ያልፈዋል።

በሰሜን ያለችው ኑንግዊ ለመዋኘት ከሁሉም ትመቻለች፤ ባሕሩ እዚያ ብዙ አይርቅም። ሆቴሎቹ ግን ተጨናንቀዋል፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው፤ የእንጨት ጀልባ የሚሠሩትን አናጢዎች አይተን ተመለስን።

ጾም ላይ ሆኖ ለሚጓዝ ሰው ምግብ አያስቸግርም፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ ከሩዝ ወይም ከቻፓቲ ጋር በየመንደሩ ይገኛል። የደሴቲቱ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ ከባሕሩ ዳርቻ ሲወጡ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ይገባል፤ በረመዳን ቀን ላይ በአደባባይ መብላትና መጠጣትም አይገባም። ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ስለሚወርድ በነዚህ ወራት የመንደር መንገዶች ጭቃ ይሆናሉ፣ አንዳንድ ማረፊያዎችም ይዘጋሉ። ለመንዳት የሚመቸው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ደረቅና ነፋሻ ወቅት ነው፤ መኪናውንም ለነዚህ ወራት አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።