ወደ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ በኤክሴል፦ ከጋማ እስከ ነዳጅ

ስለ ብርሃን ፍጥነት ጉዞ ቪዲዮ ማየት ጉጉት ይቀሰቅሳል፤ ነገሩ የሚገባው ግን ቁጥሩን በራስ እጅ ሲያሰሉት ነው። ለፀሐይ ቅርብ ወደ ሆነችው ኮከብ፣ ወደ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ የሚደረግን ጉዞ በኤክሴል ለማስላት እስካሁን የሠራልኝን መንገድ፣ ብዙዎች ከሚሰናከሉባቸው ቦታዎች ጋር፣ እነሆ።

መጀመሪያ መለኪያውን ምረጡ። በሜትርና በሰከንድ ከጀመራችሁ 299,792,458 በየቀመሩ እየገባ ያሰለቻችኋል። ጊዜን በዓመት፣ ርቀትን በብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት በሚጓዘው ርቀት) ከያዛችሁ የብርሃን ፍጥነት 1 ይሆናል። የመሬት ስበት ያህል አክስለሬሽን፣ ማለትም በየሰከንዱ 9.81 ሜትር በሰከንድ መጨመር፣ በዚህ መለኪያ 1.03 ነው።

ቀጥሎ ጋማ፣ ማለትም የሚንቀሳቀስ ሰዓት ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ የሚነግረን ቁጥር። ፍጥነቱን በራሱ አባዙ፣ ከ1 ቀንሱት፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡና 1ን ለእሱ አካፍሉ። በ0.5 ፍጥነት 1.155፣ በ0.9 ላይ 2.29፣ በ0.99 ላይ 7.09 ካልመጣላችሁ ቅንፍ ተሳስቷል። ፓርከር የተባለችው የፀሐይ መንኩራኩር እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የደረሰችበትን፣ በሰከንድ 192 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አስገቡበት፦ የብርሃን 0.064 በመቶ ብቻ ነው። በዚያ ፍጥነት፣ የስበቱን ውጤት ትተን፣ ሰዓት በቀን ወደ 0.018 ሰከንድ ነው ወደ ኋላ የሚቀረው።

ብዙ 9 እየደረደሩ ወደ 1 መጠጋት ግን አደጋ አለው። ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ገደማ ስለሆነ፣ ሊተካከሉ ጥቂት የቀራቸው ሁለት ቁጥሮች ሲቀናነሱ ትክክለኛው አሃዝ ይጠፋል። በፍጥነቱ ፈንታ ከ1 የሚጎድለውን አስገቡ፤ ጉድለቱን በ2 ሲቀነስ ጉድለቱ አባዝታችሁ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፣ 1ን ለእሱ አካፍሉ። ያው ጋማ ነው፣ አሃዝ ግን አይበላም።

አሁን ሞተሩን አስነሱ። አክስለሬሽንን በጊዜ ማባዛት ከአንድ ዓመት በኋላ 1.03 ይሰጣል፤ ከብርሃን በለጠ ማለት ነው። ይህ ብዜት ፍጥነት ሳይሆን ራፒዲቲ የሚባለው መጠን ነው፤ የሚባዛውም በመንኩራኩሩ ሰዓት ነው። የራፒዲቲው ሃይፐርቦሊክ ታንጀንት ፍጥነቱን ይሰጣል፣ 0.774። ሃይፐርቦሊክ ሳይኑን ለ1.03 ስታካፍሉ መሬት ላይ ያለፈው ጊዜ ይወጣል፣ 1.19 ዓመት። ሃይፐርቦሊክ ኮሳይኑ ደግሞ ራሱ ጋማ ነው። ሦስቱም ኤክሴል ውስጥ TANH፣ SINH እና COSH በሚል ስም ተዘጋጅተው አሉ።

ፕሮክሲማ 4.24 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። ግማሹን እየፈጠኑ፣ ግማሹን እየቀነሱ ለመሄድ 2.12ን በ1.03 አባዝታችሁ 1 ደምሩ፤ የ3.18 ተገላቢጦሽ ሃይፐርቦሊክ ኮሳይን (ACOSH) 1.83 ነው፤ ይህ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ያለው ራፒዲቲ ነው። ለ1.03 አካፍላችሁ እጥፍ ስታደርጉት ተጓዡ 3.54 ዓመት ይቆጥራል። መሬት ላይ 5.87 ዓመት ያልፋል፤ ከፍተኛው ፍጥነት 0.949 ነው።

ሁሉም የሚደናቀፍበት እዚህ ነው፦ 4.24ን ለ3.54 አካፍሎ «ከብርሃን ቀደመ» ማለት። ርቀቱ በመሬት ሜትር፣ ጊዜው በመንኩራኩሩ ሰዓት ስለተለካ ድርሻው የማንም ፍጥነት አይደለም። እያንዳንዱን አምድ በባለቤቱ ቀለም ቀቡ፣ አንዱ የመሬት፣ ሌላው የመንኩራኩር፤ ሁለት ቀለም የቀላቀለ ማካፈል ስታዩ ተጠራጠሩ። ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ የሚሠራው ይህ ነው።

የመጨረሻው ገጽ ነዳጅ ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው። የጉዞው ጠቅላላ ራፒዲቲ፣ የመፍጠኑና የመቀነሱ ሲደመር፣ 3.65 ነው። ክብደቱን በሙሉ ወደ ብርሃን ለውጦ ወደ ኋላ የሚተፋ፣ እንከን የሌለው ሞተር ቢኖር እንኳ የመነሻው ክብደት የመድረሻው 38.5 እጥፍ መሆን አለበት፤ ይህ የ3.65 ኤክስፖነንሻል (ኤክሴል ውስጥ EXP) ነው፤ ለ1 ኪሎ ግራም 37.5 ኪሎ ነዳጅ። ጭሱ በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ለሚወጣ ኬሚካል ሮኬት ደግሞ 3.65ን በብርሃንና በጭሱ ፍጥነት ንጽጽር አባዙና ኤክስፖነንሻሉን ውሰዱ። ኤክሴል የስህተት ምልክት ይመልሳል። ቀመሩን አትነካኩ፤ ልክ ነው። ኤክሴል ከ1 ቀጥሎ 308 ዜሮ ካለው ቁጥር ብዙም ማለፍ አይችልም፣ ይህ ውጤት ግን ከመቶ ሺህ በላይ ዜሮ አለው።