ሳል የገባበት ጨዋታ

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ፊዚክስ በማስተምርበት ጊዜ፣ ኢንታንግልመንት የሚባለውን የኳንተም ቁርኝት፣ ማለትም ጥቃቅን ቅንጣቶች ተራርቀው ሲለኩም በውጤታቸው መካከል የሚታየውን ዝምድና፣ በቀመር ከመጀመር ይልቅ በጨዋታ ማስረዳትን መረጥሁ። ሁለት ተማሪዎች በጎረቤት ክፍሎች ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ ሳንቲም እየተወረወረ ለእያንዳንዳቸው ቀይ ወይም ነጭ ካርድ ይደርሳቸዋል፤ እነሱም «አዎ» ወይም «አይ» ብለው ይጽፋሉ። ሁለቱም ቀይ ከደረሳቸው መልሳቸው መለያየት፣ አለዚያ ግን መመሳሰል አለበት። ከመለያየታቸው በፊት እስኪበቃቸው መመካከር ይችላሉ።

ምክክር ግን ጣሪያ አለው፤ ጨዋታው ሲረዝም ውጤቱ ከ75 በመቶ አያልፍም። ለዚህ ዓይነቱ ገደብ መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ1964 የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል ነው። የተቆራኙ ቅንጣቶችን የሚጠቀሙ ተጫዋቾች ግን እስከ 85 በመቶ ገደማ ይዘልቃሉ፤ አስቀድሞ በተሰናዳ መልስም ሆነ በጋራ መንስኤ ሊብራራ ያልቻለው ይህ ትርፍ ነው።

አንድ ጥንድ ከሞላ ጎደል ምንም ሳይስት ቀረ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ አብሮኝ የነበረው የኬሚስትሪ መምህርም «ቁርኝት ማለት ይኸው ነው» አለ። እኔ ግን ኳንተም ራሱ የማይደርስበት ውጤት ስለሆነ መልእክት አልፏል ብዬ ደመደምሁ። በሙቀቱ የተነሳ መስኮቶቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ አንደኛው ልጅም ቀይ ካርድ በደረሰው ቁጥር ያስላል።

«ወላሂ መምህር፣ አቧራው ነው!»

መስኮቶቹን አስዘጋሁ፤ ላቡ ቢያስመርርም ሳሉ ቆመ፣ ውጤቱም ወደ ሦስት አራተኛ ወረደ።

የኳንተም ተመራማሪዎችንም ለዓመታት ያሳሰባቸው ይኸው ሳል፣ ማለትም በቅንጣቶቹ መካከል በስውር የሚያልፍ መልእክት፣ ነበር ማለት ይቻላል። አላን አስፔ እ.ኤ.አ. በ1982 ፎቶኖቹ (የብርሃን ቅንጣቶቹ) በጉዞ ላይ ሳሉ የመለኪያውን አቅጣጫ ያፈራርቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በኔዘርላንድስ ዴልፍት፣ 1.3 ኪሎ ሜትር በተራራቁ አልማዞች ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች የተለኩት ብርሃን እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ወሬ ለማድረስ ጊዜ በማያገኝበት ፍጥነት ነበር። ትርፉ አልጠፋም። አስፔ፣ ጆን ክላውዘርና አንቶን ዛይሊንገር በዚህ ዘርፍ ሥራቸው የ2022ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ያ ሳለኛ ልጅ፣ እንግዲያው በዚህ ቁርኝት ከድሬ ሐረር መልእክት መላክ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። አይቻልም፤ የእያንዳንዱ ወረቀት ብቻውን ሲታይ ከሳንቲም ውርወራ አይለይም። ዝምድናው የሚታየው ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው፤ የሐረሩን ወረቀት ለማምጣት ደግሞ ወይ ስልክ መደወል፣ ወይ በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ መውረድ ያስፈልጋል።