የካሮት መደብ በ24 ገጽ

ለትንንሽ ልጆች የጓሮ አትክልት የሥዕል መጽሐፍ ሳዘጋጅ ከጽሑፉ በፊት የወሰንሁት የገጹን ብዛት ነው። መሐሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ ለ4 መካፈል አለበት፤ 24 ያዝሁ። የፊተኛው ለርእስ፣ የኋለኛው ለወላጆች ሲሄድ 11 ጥንድ ገጽ ይተርፋል። ጎመኑንም ቃሪያውንም ድንቹንም ለማስገባት ስለማይበቃ ካሮትን ብቻ መረጥሁ። አፈር ውስጥ ተደብቆ የሚያድግ ነገር ልጅን ገጽ ያስገልጣል።

ታሪኩ የሚሄደው በጎጃም ወቅት ነው። መስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲቀንስ ዘሩ እዚያው መደቡ ላይ ይዘራል፤ ካሮት ተነቅሎ ከተዛወረ ሥሩ ይጣመማል። ለመብቀል ከ10 እስከ 20 ቀን ይፈጃል። ለዚህ መጠበቅ አንድ ሙሉ ጥንድ ገጽ ባዶ አፈር ሰጠሁት፦

«እምዬ፣ መቼ ይበቅላል?»
«ቆይ፣ ይወጣል። አሁን ውኃ አጠጪው።»

ሌላ ቃል የለበትም። ቀጥሎ ማሳሳት፣ ተጠጋግተው የበቀሉትን እየነቀሉ ማራራቅ፣ ይመጣል፤ ልጅ መንቀል ስለሚወድ ሥራው የልጅቷ ነው። ድንጋይ ያለበት ወይም ያልበሰለ ፍግ የገባበት መደብ ባለ ሁለት እግር ካሮት ያወጣል፤ እሱንም አስገባሁት፣ ያስቃል። መለኪያው ሁሉ ወደ ወላጆች ገጽ ሄደ፦ የዘር ጥልቀት 1 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመር መካከል 25፣ ከሳሳ በኋላ በካሮቶቹ መካከል 5።

ለሠዓሊ የሚሰጠው ማስታወሻ ከመጽሐፉ ጽሑፍ ይረዝማል፤ መርዘምም አለበት። አደይ አበባ ከመስከረሙ ገጽ አልፎ ታኅሣሥ ላይ ከታየ፣ ወይም የካሮቱ ቅጠል እንደ ድንብላል ተበጣጥሶ ካልተሣለ፣ ጓሮ ያለው ልጅ ወዲያው ያውቅበታል። ካሮቱ የሚነቀለው ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጾመ ነቢያት ሳይፈታ ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ማዕድ ላይ ጥቅል ጎመን በካሮት እንጂ እንቁላል አይሣልም።

የፊደሉ መጠን በኅትመት መለኪያ ከ24 ነጥብ (ፖይንት) አይነስ። በጣም ወፍራም ከሆነ ደግሞ የ«ኘ» እና የ«ቸ» አናት በቀለም ይደፈናል፣ ለጀማሪ አንባቢ ከ«ነ» እና ከ«ተ» አይለይም። ጽሑፉ ቅጠል ላይ ሳይሆን ሰማይ ላይ ይቀመጥ። የሰው ፊት መታጠፊያው ላይ አይዋል። በየጠርዙ ለመቁረጫ 3 ሚሊ ሜትር የሥዕል ትርፍ ይተው። ኮምፒውተር ላይ የሚያበራ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል፤ ሙሉው ከመታተሙ በፊት ቅጠል የበዛበትን አንድ ጥንድ ገጽ በዚያው ወረቀት አሳትሞ ውጭ በቀን ብርሃን ማየት ነው።